ሳህኑን ገልብጠን እንየው

(በልደታ ኮንዶሚኒየም የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር)

ማኅበራችን ባዘጋጀው የቅዳሜ ንግግር ተራው ለእኔ ስለ ደረሰ በመጀመሪያ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ሕግና ስለ ትምህርት አቋም ከፍ ያለ ሐሳብ አቅርበዋል። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ሳህን ነው። በተለይም የአውሮፓ መኳንንት የየቤተ ሰባቸውን ዓርማ እያሳሉ በገበታቸው ላይ ያኖሩት ስለ ነበረው፣ ፖርሴሊን ስለሚባለው ጥሩ ሸክላ፤ ከዚያም ይህን ዕቃ ሰዎች እንዴት መሰብሰብ እንደ ጀመሩ፤ በመጨረሻም ነገሩ ከእኛ አገርና ከዚህ ሰፈር ጋር ያለውን ግንኙነት እናገራለሁ።

«የፈረንጅ ጌቶች የበሉበት ሳህን ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ጥያቄ ገና ከአሁኑ እንደ ተነሣ ከፊታችሁ አነባለሁ። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ አልሸሸውም፤ ነገር ግን መልሱ የሚቀለው ታሪኩን ከሰማን በኋላ ስለ ሆነ ትንሽ ትታገሡኝ ዘንድ እለምናችኋለሁ።

ከራሳችን ቋንቋ እንነሣ። ቡና የምንጠጣበትን ዕቃ ሲኒ እንለዋለን። ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ሲን ማለት ቻይና፣ ሲኒ ማለትም የቻይና ማለት ነው። እንግሊዞችም እንዲሁ የገበታ ሸክላቸውን በቻይና ስም ይጠሩታል። ስለዚህ እናቶቻችን ረከቦት ላይ ሲኒ በደረደሩ ቁጥር፣ ሳያስቡት የአንድ ሩቅ አገር ስም ይጠራሉ ማለት ነው። ሳህን የምንለውም ቃል ከዐረብኛ የተወረሰ ነው። ዕቃው በየት በኩል እንደ መጣልን ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ፣ በዐረብ ነጋዴ እጅ ነው።

ይህም ንግድ የትናንት አይደለም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በሐርላ የተደረገው ቁፋሮ ውጤት በ2017 እ.ኤ.አ. ሲገለጽ፣ በዚያች የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ ደሴቶች፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች እንደ ተገኙ ተነግሯል። አውሮፓውያን በመርከብ አፍሪካን ዞረው ሕንድ ከመድረሳቸው አስቀድሞ የቻይና ዕቃ ወደ ምድራችን ይገባ ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ፖርሴሊን ከተራው ሸክላ የሚለየው በምንድን ነው? የእኛ ጀበናና ድስት ከተራ ጭቃ ተሠርቶ በሜዳ እሳት ስለሚጠበስ ገላው ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ውኃ ያልባል፤ ካልተሟሸም ለሥራ አይሆንም። ፖርሴሊን ግን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ተቀምሞ፣ ሙቀቱ ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲጠበስ ገላው ቀልጦ እንደ መስተዋት ይያያዛል። ውኃ አይጠጣም፤ ቀጭኑን ወደ ብርሃን ቢያነሡት ብርሃን ያሳልፋል፤ በጥፍር ቢመቱት ይጮኻል። ካኦሊን የሚለውም ስም የተገኘው ጂንግደጀን ከምትባለው የቻይና የሸክላ ከተማ አጠገብ ካለ ስፍራ ስም ነው። ይህ ነጭ አፈር በአገራችንም አለ፤ በደቡብ በቦምቦዋሃ የሚገኘው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዓርማው እንምጣ። በአውሮፓ በመካከለኛው ዘመን ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ይሸፍን ስለ ነበር፣ ማን መሆኑ የሚታወቀው በጋሻው ላይ ባለው ሥዕል ነበር። ሥዕሉም ከአባት ወደ ልጅ እየተወረሰ የቤተ ሰብ ምልክት ሆነ። ጦርነቱ በመድፍ ሲሆንና ጋሻው ከሜዳ ሲቀር፣ ሥዕሉ ወደ ቤት ገባ፤ በበር ላይ፣ በሠረገላ ላይ፣ በማኅተም ላይ፣ በመጨረሻም በሳህን ላይ ተቀመጠ። እንግዳው ወጡን ጨርሶ ሲነሣ ከሳህኑ ወለል የሚጠብቀው የጋባዡ ዓርማ ነበር። በማን ቤት እንደ በላ እንዳይረሳ ማለት ነው።

በቻይና ሸክላ ላይ የራሳቸውን ምልክት በማሳል የመጀመሪያዎቹ አውሮፓውያን ፖርቱጋሎች ናቸው። በንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ ዘመን መጨረሻ፣ በ1520 እ.ኤ.አ. ገደማ የተሠሩ፣ የንጉሡ ምልክት የሆነው ክብ የሰማይ መለኪያ የተሣለባቸው ማሰሮዎች እስከ ዛሬ ተጠብቀው ይገኛሉ። እዚህ ላይ ጓደኞቼ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ይኸው ንጉሥ ማኑኤል ነው መልእክተኞቹን ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የላከው፤ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያሉበት መልእክት ምጽዋ የደረሰው በ1520 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ መንግሥት በአንድ ዘመን አንዱን እጁን ወደ ቻይና የሸክላ ምድጃ፣ ሌላውን ወደ ኢትዮጵያ ዙፋን ዘርግቶ ነበር። እንግዲህ የዚህ ሳህን ታሪክ ከእኛ ታሪክ የራቀ ነው የሚል ቢኖር፣ መንገዱ አንድ እንደ ነበረ ያስተውል።

ከፖርቱጋሎች በኋላ የሆላንድና የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያዎች ንግዱን ያዙ። እነዚህም ቢሆኑ ከእኛ ጋር አይተዋወቁም አይባልም፤ የጎንደር ነገሥታት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊና ልጃቸው ዐፄ ኢያሱ ኾጃ ሙራድ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ የሆላንድ ኩባንያ ዋና ከተማ ወደ ነበረችው ወደ ባታቪያ ልከውታል።

የትእዛዙ አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ የእንግሊዝ ጌታ ዓርማውን በወረቀት አሥሎ ወደ ካንቶን ለሚሄደው መርከብ የንግድ ወኪል ይሰጣል። መርከቡ ነፋስ ጠብቆ ይሄዳል፤ ነጩ ሳህን ከጂንግደጀን በወንዝና በሰው ጀርባ ወደ ካንቶን ይወርዳል፤ በዚያ ሠዓሊው ወረቀቱን እያየ ዓርማውን ይሥላል፤ ሳህኑ እንደ ገና በቀላል እሳት ይጠበሳል፤ መርከቡም ነፋስ ጠብቆ ይመለሳል። ጌታው ሳህኑን የሚያየው ሁለት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው። ኦክኦቨር የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት በ18ኛው ምዕት ዓመት ላዘዘው ገበታ የተላከው በቀለም የተሣለ ናሙና እስከ ዘመናችን ተጠብቆ ቆይቷል። ቻይናዊው ሠዓሊ የሚቀዳውን ፊደል ስለማያነብ፣ በወረቀቱ ላይ «ይህን ቀይ አድርግ» ለማለት የተጻፈውን ቃል ራሱን በሳህኑ ላይ እንደ ሣለው የሚነገር ታሪክም አለ። እንስቅበት ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ሰው የማያውቀውን አንበሳና የማያውቀውን ፊደል ሳይሳሳት በመቶ ሳህን ላይ ደጋግሞ የሚሥል እጅ ነበረው። የጌታው ስም በመጽሐፍ ተመዝግቦ ሲገኝ የሠዓሊው ስም ግን የለም።

ከ17ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ድረስ ለእንግሊዝ ቤተ ሰቦች ብቻ ወደ 4,000 የሚጠጋ ባለ ዓርማ ገበታ ከቻይና እንደ ታዘዘ ይገመታል። የአሜሪካው ጆርጅ ዋሽንግተን እንኳ ንጉሥን ከጣለ በኋላ፣ የሲንሲናቲ የመኰንኖች ማኅበር ምልክት ያለበትን 302 ዕቃ በ1786 እ.ኤ.አ. በ150 ዶላር ገዝቷል።

አውሮፓውያን ገንዘባቸውን ወደ ቻይና ሲያፈስሱ ምስጢሩን ለማግኘት ብዙ ደክመዋል። የሳክሶኒው ገዥና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው አውግስጦስ፣ ኃያሉ የተባለው፣ የፖርሴሊን ፍቅር እንደ በሽታ ያደረበት ሰው ነበር። በ1717 እ.ኤ.አ. ለፕሩስያ ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥቶ 151 የቻይና ሸክላ ዕቃ ተቀብሏል። ልብ በሉ፤ ወታደሮቹ ሰዎች ነበሩ፤ እናትና አባት የነበሯቸው። ሂሳቡ ሲሠራ ለአንድ ዕቃ አራት ሰው ገደማ ይደርሳል።

ይኸው አውግስጦስ ቦትገር የሚባል ወጣት «ከተራ ብረት ወርቅ አወጣለሁ» ማለቱን ሰምቶ አስያዘው። ወርቁ አልወጣም። ነገር ግን ቦትገር ቺርንሃውስ ከሚባለው ሊቅ ጋር በእስር ሲመራመር በ1708 እ.ኤ.አ. የፖርሴሊንን ምስጢር አገኘ፤ በ1710 እ.ኤ.አ. በማይሰን ከተማ በሚገኘው በአልብሬክትስቡርግ ግንብ ውስጥ ፋብሪካ ተቋቋመ። ቦትገር በ1719 እ.ኤ.አ. ገና በ37 ዓመቱ ሞተ። የማይሰን ሳህን ሲገለበጥ ከሥሩ ሁለት የተጠላለፉ ሰይፎች ይታያሉ፤ የፋብሪካው ምልክት ነው ይባላል። ነገር ግን ሰይፎቹ የተወሰዱት ከሳክሶኒ ገዥ ዓርማ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ከላይ የገዢውን ጌታ፣ ከሥር የአስገዢውን ጌታ ዓርማ ይዟል። የቦትገር ስም ከላይም ከሥርም የለበትም።

ከማይሰን ሥራዎች ሁሉ የታወቀው በ1737 እና በ1742 እ.ኤ.አ. መካከል ኬንድለር በሚባለው ቀራጭ መሪነት ለሚኒስትሩ ለካውንት ፎን ብሩል የተሠራው የስዋን ገበታ ነው። ስዋን ነጭ የውኃ ወፍ ናት። ከ2,000 በላይ ዕቃ የነበረበት ሲሆን፣ የብሩልና የሚስቱ ዓርማ ጎን ለጎን ተሥሎበታል። ይህ ገበታ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በአንድ ቤተ ሰብ እጅ ቆየ። በ1945 እ.ኤ.አ. የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አብዛኛው ተሰባበረ፣ ተበተነ። የተረፈው ዛሬ በልዩ ልዩ ሙዚየሞችና በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል።

እንግዲህ መሰብሰብ የሚጀምረው ከመበተን በኋላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ገበታው በምግብ ቤት ሳለ ዕቃ ነው፤ ቤተ ሰቡ ሲደኸይ ወይም ሲጠፋ በጨረታ ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ሰብሳቢ ይገኝለታል። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ኩባንያ የቻይናን ሳህን በብዛት ማስመጣት ተወ፤ የእንግሊዝ ፋብሪካዎችም ርካሽ ሸክላ አወጡ። ከዚያ በኋላ ዕውቀቱ እንኳ ጠፍቶ፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት አንድ የታወቀ የእንግሊዝ ጸሐፊ ይህ ሁሉ ባለ ዓርማ ሳህን በእንግሊዝ በሎውስቶፍት ከተማ የተሠራ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰውም ለብዙ ጊዜ አመነው። የቻይና ሠዓሊዎች ድካም በሌላ ስም ተጠራ ማለት ነው። ስሕተቱ የታረመው ሰብሳቢዎችና የሙዚየም ሰዎች ሳህኑን ከዓርማ መዝገብ፣ ከመርከብ ሰነድና ከቤተ ሰብ ደብዳቤ ጋር እያመሳከሩ በመመርመራቸው ነው። ዘዴያቸው ቀላል ነው። ዓርማው የባልና የሚስት ከሆነ ሳህኑ ከጋብቻው በፊት ሊሠራ አይችልም፤ ባለቤቱ ማዕረግ የጨመረ እንደ ሆነ በዓርማው ላይ ዘውዱ ይለወጣል። ስለዚህ ቀን ያልተጻፈበት ሳህን ቀኑን ይናገራል።

ጓደኞቼ፤ ይህን ዘዴ ይዘን ወደ አገራችን እንመለስ።

በእኛ ዘንድ በቀድሞው ግብር የሰው ክብር የሚታወቀው በሳህኑ አልነበረም። ክብሩ የሚታወቀው በተቀመጠበት ቦታና በደረሰው የሥጋ ብልት ነበር። እንጀራው በመሶብ፣ ጠላው በዋንጫ፣ ጠጁ በብርሌ ይቀርብ ነበር። የዐፄ ምኒልክ የግብር አዳራሽ ዛሬ በአንድነት ፓርክ ውስጥ ለጎብኚ ክፍት ሆኖ ይታያል። የአንበሳው ምልክት ግን ቀድሞ ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ እጅ ገብቷል። በ1887 ዓ.ም. በፓሪስ የተመታው የዐፄ ምኒልክ ብር አንበሳውን ይዞ መጣ፤ ቴምብሩም በዚያው ዘመን በፓሪስ ታተመ። የካንቶኑ ሠዓሊ የእንግሊዝን አንበሳ እንደ ቀዳ፣ የፓሪሱ ቀራጭም የኢትዮጵያን አንበሳ ቀዳ። በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ እቴጌ ጣይቱ ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ፣ የአዲስ አበባ መኳንንት በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ለየራሳቸው በሳህን መብላትን እየተለማመዱ ሄዱ።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነገሥታትና የፕሬዚዳንቶች ጉብኝት ሲበዛ፣ የቤተ መንግሥቱ ገበታ እንደ አውሮፓው ሥርዓት ዘውድና አንበሳ ባለባቸው ዕቃዎች ይዘጋጅ ጀመር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ፤ በዓመቱም ውስጥ ዘውዱ ራሱ ቀረ። እንግዲህ የሰብሳቢዎቹን ዘዴ ለራሳችን ዕቃ እናውለው፤ ዘውድና አንበሳ ያለበት የመንግሥት ሳህን ከ1967 ዓ.ም. በፊት የታዘዘ ነው፤ የዛሬው የኮከብ ዓርማ ያለበት የመሥሪያ ቤት ኩባያ ደግሞ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ታሪክ የሚነበበው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ በሻይ ቤትም ይነበባል።

ስለ መሰብሰብም እኛ ያየነው አለ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጠ። ከተወሰደው መካከል ዘውድና ጽዋ ብቻ ሳይሆን የገበታ ዕቃም ነበረበት። በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ አገራቸው ከተመለሱት የመቅደላ ቅርሶች ውስጥ በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች ይገኛሉ። እነርሱም ሊመለሱ የቻሉት በእንግሊዝ አገር ለጨረታ ከቀረቡት መካከል አንዳንዶቹ ከሽያጭ ወጥተው ለኢትዮጵያ ስለ ተገዙ ነው። አንድ መቶ ኀምሳ ዓመት ያህል ቆይተው የእኛ መሆናቸው የታወቀው እንዴት ነው? ከየት እንደ መጡ የሚናገር ማስረጃ አብሯቸው ስለ ተጠበቀ ነው። ማስረጃ የሌለው ዋንጫ ቀንድ ብቻ ነው።

በጎ ምሳሌም አለን። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከተሰጠ በኋላ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተ። የሙዚየሙን ስብስብ ያደራጁት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የመኳንንቱን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የገበሬውንና የሸክላ ሠሪዋንም ዕቃ አስገብተዋል። የተቋሙ ወዳጆች ማኅበርም ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ገንዘብ እያሰባሰበ ሲገዛ ቆይቷል። ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታድሶ የተመረቀው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የዚያን ዘመን ሕይወት ለሕዝብ ለማሳየት የተደረገ ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ቤተ መንግሥት ነው። ስለዚህ ወደምንኖርበት እንውረድ።

የልደታ አሮጌው ሰፈር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፈርሶ በቦታው ይህ ኮንዶሚኒየም ቆመ። የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አንዳንዶቹ እዚሁ ገቡ፤ ብዙዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተበተኑ። ቤት ሲለቀቅ ምን ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መኝታው ይጫናል፤ ቡፌው በጠባቡ ደረጃ አልወጣ ካለ ይሸጣል፤ በቡፌው ውስጥ የነበረው የእንግዳ ሳህን አንዳንዱ ይሰበራል፣ አንዳንዱ ለዘመድ ይከፋፈላል፣ አንዳንዱ በልዋጭ ይሄዳል። የብሩል ገበታ በጦርነት ተበተነ፤ የእኛ በቤት መፍረስ ይበተናል። የእኛው ሲበተን ግን የሚመዘግብ የለም።

እኔ በምኖርበት ብሎክ እትዬ እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት አሉ። ሟቹ ባለቤታቸው በግቢ ወጥ ቤት ያገለግሉ ነበር። በቡፌያቸው ውስጥ ዘውድና አንበሳ ያለበት፣ ጠርዙ የተሸረፈ አንድ ሳህን አለ። በደርግ ዘመን ዘውድ ያለበት ዕቃ ማሳየት ስለሚያስፈራ ብዙ ዓመት ከእህል በታች ቀብረው አኑረውታል። ባለፈው ክረምት አንድ ገዢ መጥቶ ለሳህኑ ገንዘብ ቆጠረ። ልጃቸው ይሸጥ አለ፤ ለቤት ዕዳ የሚከፈል ነበረባቸውና በልጁ አልፈርድም። እትዬ ግን ገዢውን «ይህን ማን እንዳጠበው ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ገዢው ዘውዱን እንጂ አጣቢውን አያውቅም። እርሳቸው ግን ያውቃሉ፤ ስንት ሳህን በአንድ ግብዣ እንደሚታጠብ፣ አንድ የሰበረ ምን እንደሚደርስበት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ወጥ ቤቶቹ ምን እንደሚበሉ ከባላቸው ሰምተዋል። ያን ቀን ሳህኑ አልተሸጠም። ነገ ይሸጥ ይሆናል። የእትዬ ቃል ሳይጻፍ ሳህኑ ቢሄድ ግን ለገዢው የሚደርሰው ዘውዱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ይቀበራል።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እመለሳለሁ። «ሕዝባችን ገና በልቶ ሳይጠግብ ስለ ጌቶች ሳህን መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ካለ፣ መልሴ ይህ ነው። የጌቶችን ሳህን የምንመረምረው ጌቶቹን ለማክበር አይደለም። ሳህኑ ማን እንደ በላ ይናገራል፤ ገልብጠን ስናየው ደግሞ ማን እንደ ሠራ፣ ማን እንዳጠበ፣ ማን እንደ ተሸጠበት ያስጠይቀናል። የካንቶኑ ሠዓሊ ስም የለውም፤ ቦትገር እስረኛ ነበር፤ ስድስቱ መቶ ወታደሮች በሸክላ ተለወጡ።

እኛም ከዚህ ኃጢአት ንጹሓን አይደለንም። በአገራችን ሸክላ የሚሠራ ሰው ቡዳ እየተባለ፣ ከእርሱ ጋር መጋባትና አብሮ መብላት ነውር እየሆነ ኖሯል። በእጁ የሠራውን ድስት እንበላበታለን፤ እርሱን ግን ከገበታችን እናርቃለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ በአዋጅ ከልክለዋል፤ አዋጁ የመቶ ዓመት ዕድሜ አልፎታል፤ ስድቡ ግን ከሰው አፍ ፈጽሞ አልጠፋም። አበው ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። ተረቱን ስንሰማ እንስቃለን እንጂ ለምን በገል እንደምትበላ አንጠይቅም። በዚችው በአዲስ አበባ፣ በቀጨኔ፣ ሴቶች ዛሬም ጀበናና ምጣድ በእጃቸው ይሠራሉ። የጀበናው ሥር ቢገለበጥ ሰይፍም ስምም የለበትም።

እንግዲህ ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሦስት ሐሳብ ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ እያንዳንዳችን በየቤታችን ያለውን ቡፌ ከፍተን፣ ሲኒውንና ሳህኑን እየገለበጥን፣ ምን ምልክት እንዳለበት፣ ማን እንደ ገዛው ወይም እንደ ሰጠው፣ በየትኛው ዓመትና ለየትኛው በዓል እንደ ሆነ ከእናቶቻችን ጠይቀን በአንድ ደብተር እንጻፍ። የሙሽሮች ፎቶግራፍ የታተመበት የሠርግ ኩባያም ቢሆን አይናቅ፤ የብሩልና የሚስቱ ዓርማ ጎን ለጎን መሣሉ ከዚህ የተለየ ነገር አልነበረም። በልደታ ብሎኮች ብቻ ይህ ቢደረግ፣ የፈረሰው ሰፈር ታሪክ ከፊሉ ከሳህን ላይ ይሰበሰባል።

ሁለተኛ፤ ታሪክ ያለው ዕቃ በቤቱ ያለ ሰው ለመንገድ ገዢ ከመስጠቱ በፊት ለሙዚየም ሰዎች ያሳይ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ያዝዛል። ሕጉን የማያውቁ ወላጆች ቢኖሩ ማስረዳት የእኛ የተማርነው ፋንታ ነው። የተቸገረ ሰው ቢሸጥ አንኰንነው፤ ነገር ግን ከመሸጡ በፊት ቢያንስ ፎቶግራፉና ታሪኩ ይቅር።

ሦስተኛ፤ ከማኅበሩ አባላት የተወሰንን ወደ ቀጨኔ ሄደን፣ ሸክላ ሠሪዎቹ ቢፈቅዱ፣ ስማቸውንና የሥራቸውን ዘዴ ከአፋቸው እንጻፍ። ከፈለጉም እያንዳንዷ ከሥራዋ ሥር የራሷን ምልክት እንድታኖር እናበረታታ። ምልክቱ ከጭቃው ሳይደርቅ በስንደዶ ጫፍ ሊጻፍ ይችላል፤ ወጪ የለበትም። የአውሮፓ ነገሥታት ዓርማቸውን ከሳህን ላይ ለማየት ሁለት ዓመት መርከብ ጠብቀዋል፤ የቀጨኔዋ እናት ግን የራሷን በአንድ ደቂቃ ልትጽፈው ትችላለች።

ክቡራን መምህራን፤ ጓደኞቼ፤ ለሦስተኛው ሐሳብ ስድስት ሰው ይበቃል። ዛሬ ስብሰባው ሲያበቃ ስም የሚጻፍበት ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከልደታ ተነሥተን እንሄዳለን።